አንድ ክንድ ቀበቶ

ኢንስፔክተር ስመኝ መርፌውን ለሦስተኛ ጊዜ በቁልፉ ቀዳዳ አሳልፋ ክሩን ሳብ አደረገችው። የደንብ ልብሷ ኮት ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። በመስኮቱ በኩል የአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ባጃጆች ጡሩምባ ይገባል። ስልኳ ሲጮህ ክሩን ገና አልቋጠረችውም ነበር።

«መጻፍ ያቃተኝ መኪና አለኝ» አላት ሳጅን ዳግም። የትራፊክ ክፍል ባልደረባዋ ነው፤ ፖሊስነት አብረው ነው የሠለጠኑት።

«አንተ መጻፍ ያቃተህ ዛሬ ነው እንዴ?»

«ቀልዱን ተይውና ነይ። ጣቢያው ጓሮ ነኝ።»

መርፌውን ከነክሩ ኮሌታዋ ሥር ሰካችው። ኮቷን ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ለብሳ ወጣች።

ጓሮው ውስጥ ነጭ የቤት መኪና ቆማለች። ትናንት ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርድ መታጠፊያው ላይ ካለ የአፈር ቁልል ጋር ተጋጭታ ነው። አሽከርካሪው መምህር ወልደሥላሴ ሆስፒታል ደርሶ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ስመኝ መኪናዋን ዞረቻት። መከላከያው ጎበጥ ብሏል፤ አንድ መብራት ተሰብሯል። የፊት መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም።

«በዚህ ሰው ይሞታል?»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው። ደረቱ ከመሪው ጋር ተጋጭቷል። ቀበቶ አላሰረም ብዬ መዝገቡን ልዘጋው ስል ይሄ መጣ።»

የሆስፒታሉን ወረቀት ሰጣት። ከሟቹ ግራ ትከሻ ተነሥቶ በደረቱ ላይ ወደ ቀኝ ዳሌው የሚወርድ የበለዘ መስመር አለ ይላል።

«ታዲያ አስሯል።»

«አስሯል። ቀበቶው ግን የለም።»

በሩን ከፈተላት። ቀበቶው ከሚወጣበት ከላይኛው ቀዳዳ አራት ጣት የሚያህል ቀርቷል፤ ወለሉ ጋ ሌላ አጭር ቁራጭ አለ። ሁለቱም በስለት የተቆረጡ ናቸው። መሃሉ፣ አንድ ክንድ ያህሉ፣ የለም።

ስመኝ መቀመጫው ላይ ተቀምጣ አሰበች። ቀበቶው ከግጭቱ በፊት ተቆርጦ ከነበረ ሰውየውን ባላበለዘው። ከግጭቱ በኋላ ሰውየውን ለማውጣት ተቆርጦ ከሆነ አንድ ቦታ መቁረጥ ይበቃል፤ ቁራጩን ይዞ የሚሄድስ ማነው? ቀበቶው አጥብቆ ይዞት ከነበረ ደግሞ ደረቱ መሪው ላይ እንዴት ደረሰ? ሦስቱንም ጥያቄ ደጋግማ ብታነሣ አንዱ ሌላውን ከማፍረስ በቀር መልስ አልሰጣትም።

የቀበቶው ብረት መቆለፊያው ውስጥ እንደተቆለፈ ቀርቷል። በቀዳዳው ጠርዝ አንድ የክር ብጣሽ ተይዟል። በጥፍሯ አወጣችው። ጥቁር ነው፤ ስታሸው ግን ጥቁረቱ ጣቷ ላይ ቀረና ነጭ ጥጥ ወጣ። አሸተተችው። የጫማ ቀለም ይሸታል።

«የጋቢ ክር ነዋ» አለ ዳግም። «ከዶርዜ በሚወርድ መኪና ውስጥ ምን ጠብቀሽ ነበር?»

«በጫማ ቀለም የተወለወለ ጋቢ?» ክሩን ፖስታ ውስጥ ከተተችው። «አብሮት ማን ነበር?»

«ካሱ የሚባል የባጃጅ ሹፌር፤ የልጅነት ጓደኛው። ጭረት እንኳ አልነካውም። አካባቢው ያሉ ገበሬዎች ግን አንድ ነገር አይተዋል። ቁስለኛውን አይሱዙ ላይ ከጫኑት በኋላ ካሱ አብሮት አልሄደም። ቢላ ይዞ መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባ ይላሉ።»

*

ካሱን ከለቅሶው ድንኳን ነው ያመጡት። ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ ቀጭን፣ እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው ያጣ ሰው ነው። ስመኝ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ቀበቶውን አንተ ነህ የቆረጥከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ወልዴን ላወጣው።»

«ወልዴ ወጥቶ፣ ተጭኖ፣ አይሱዙው ከሄደ በኋላ ነው የቆረጥከው። ጓደኛህ እያጣጣረ ለማታውቀው ሹፌር ሰጥተኸው ቀረህ። ለአንድ ቁራጭ ቀበቶ።»

ካሱ አንገቱን ደፋ።

«ቁራጩ የት ነው?»

ዝም።

«ሆስፒታል የደረስከው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ የት ነበርክ?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔን ይሰሩኝ» አለ ቀና ብሎ። «ጥፋቱን በኔ ያድርጉት። ሌላ ሰው ግን አይጠየቅ።»

«ሌላ ሰው ማን?»

ካሱ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ። ስመኝ የሠራችው ስህተት ያለ ይመስል ጽሑፏን ከላይ ጀምራ አነበበች። የሚክድ ተጠርጣሪ ታውቃለች፤ የሚያምንም ታውቃለች። ይሄኛው ያላደረገውን እያመነ ያደረገውን የሚደብቅ መሰላት።

«አርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለህ» አለችው። «እስከዚያ ካልተናገርክ የምጠረጥርህ በሰው መግደል ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አለ ካሱ። በእጁ ዓይኑን ጠረገ። «ቀብሩ ላይ ልቁም?»

ሁለት ፖሊስ አስከትላ ላከችው።

*

የሟቹ ሚስት ዕድላዊት ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ነበረች። ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ዘግቷል።

«እሑድ ዕለት እዚሁ በር ላይ ጮኸበት» አለች። «ይህን መኪና መልስ፤ አለበለዚያ ትሞታለህ አለው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ወልዴ ሳቀበት።»

«በምን ተጣሉ?»

«በምንም። እንጃ። ካሱ የመኪናውን በር በጣቱ እያንኳኳ፣ እዚህ ጋ ስማው፣ እዚህ ጋ ስማው ይለዋል። ቅናት መሰለኝ። እሱ ባጃጅ ነው የሚነዳው።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው። «ወልዴ በየቀኑ ዶርዜ እየወጣ ነው የሚያስተምረው፣ እህቴ። ክረምት በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ሚኒባስ ሲጠብቅ ይበሰብሳል። መኪናዋን የገዛ ቀን፣ ከእንግዲህ በደረቅ ካልሲ ነው ክፍል የምገባው አለኝ። ሁለት ሳምንት ገባ።»

ስመኝ ማስታወሻዋን አጠፈች። ስትነሣ ዕድላዊት ክንዷን ያዘቻት።

«ካሱ በልጅነቱ እዚህ ቤት እየበላ ነው የተማረው። እሱ ከሆነ ንገሪኝ። ካልሆነም ንገሪኝ። ማንን እንደምጠላ ልወቅ።»

*

ወደ ጓሮው ተመልሳ የመኪናዋን በር እንደ ካሱ በጣቷ አንኳኳች። ቆርቆሮ። ቆርቆሮ። ከዚያ ከጣሪያው አጠገብ ድፍን ያለ ድምፅ። በመኪና ቁልፍ ጫፍ ስትፍቀው ከቀለሙ ሥር ስርጉድ የሚሞላበት ወፍራም ስቱኮ ወጣ። የመሪውን መሃል ተጫነችው፤ እንደ ትራስ ገባ። ዳግም ክዳኑን በቢላ ጫፍ ሲያነሣው ኤርባግ መኖር በነበረበት ቦታ ታጥፎ የተጠቀጠቀ ስፖንጅ ነው ያገኙት።

መስታወቱ ላይ የአንድ ኢንሹራንስ ተለጣፊ ተፍቆ ቅሪቱ አለ። ስመኝ የሻንሲ ቁጥሩን ጽፋ ድርጅቱ አዲስ አበባ ወዳለው ዋና ቢሮ ደወለች። ሉሊት የምትባል የካሳ ክፍል ሠራተኛ አነሣች።

«ቁጥሩን ይድገሙልኝ እስቲ» አለች ሉሊት። ትንሽ ቆየች። «ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ ይህች መኪና የለችም።»

«ፊት ለፊቴ ቆማለች።»

«እኛ ጋ ሞታለች። ከሦስት ዓመት በፊት ተገልብጣ ከጥቅም ውጪ ተብላለች። ለባለቤቷ ካሳ ተከፍሎ እሷ ለመለዋወጫ ብቻ ተብላ በጨረታ ተሸጠች። ገዢው ተመልሳ መንገድ ላይ እንደማትወጣ ፈርሟል።»

«ገዢው ማነው?»

«አሮን ይላል። እናንተው ከተማ ጋራዥ አለው። የአደጋውን ፎቶ ልላክልዎት?»

ፎቶው መጣ። ጣሪያዋ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። በተገነጠለው በር በኩል የሹፌሩ ቀበቶ ይታያል፤ ሰው ለማውጣት መሃሉ ላይ ተቆርጦ ሁለት ሆኖ ተንጠልጥሏል።

ዳግም በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየው። «ከሦስት ዓመት በፊት የተቆረጠ ቀበቶ ትናንት ሰው አበለዘ?»

«አዲስ ቀይረውላት ይሆናል።»

ወለሉ ላይ በቀረው ቁራጭ ላይ ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታለች። የተሠራበት ዓመት አለባት፤ ከመኪናዋ ዓመት ጋር አንድ ነው። ፎቶውን አጉልታ አየችው። ያችው ጨርቅ፣ ጥጓ ላይ ያችው የዘይት ነጠብጣብ። ቀበቶው አልተቀየረም። ስመኝ ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ነገሩን በየት በኩል እንደምትይዘው ግራ ገባት።

*

አሮን ጋራዡ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የአንድ አሮጌ መኪና ጎማ በጫማ ቀለም እየወለወለ ነበር። ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«እህቴ፣ ግቢ! ቁልፍሽ ሊወድቅ ነው» አላት ኮቷን እያየ። «ምን ላሳይሽ? ለፖሊስ የሚሆን ንጹሕ መኪና አለኝ።»

«ለመምህር ወልደሥላሴ የሸጡለት ዓይነት?»

ሳቁ ቀስ ብሎ ወረደ። «ነፍስ ይማር። እኔ ሶዶ ሰርግ ላይ ነበርኩ፤ ከቅዳሜ እስከ ትናንት ማታ። መቶ ሰው ጠይቂ። ሰው ባልነበረበት አይጠየቅም መቼም።»

«መለዋወጫ ትሁን የተባለች መኪና ናት።»

«ጠገንኳት። መጠገን ኃጢአት ነው? ሐኪም በሽተኛ አያድንም?»

«ቀበቶዋስ?»

«አዲስ ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት።» ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። «ቀበቶውንማ ያ ጓደኛው ነው የቆረጠው አሉ። ከተማው ሁሉ ያወራል። እሱን ትተሽ እኔን?»

ዋሽቷል። ግን ስለ ጨርቋ አልነገረችውም። የጫማ ቀለሙ ሽታ ተከትሏት ወጣ፤ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የሲቀላ ሊስትሮ ሁሉ በዚያው ቀለም ይሠራል። አሮን ሶዶ ከነበረ ቁራጩን እሱ አልወሰደውም። የወሰደው ካሱ ነው። ካሱ የአሮንን ውሸት ምን ብሎ ይደብቃል?

ቢሮ ስትመለስ የካሱን የመያዣ ቅጽ አወጣች። የትውልድ ቦታ፦ ዶርዜ። የአባት ስም፦ ሀብተጊዮርጊስ። የአባት ሥራ፦

ጠዋት ስትሞላው እጇ ብቻ ነበር የጻፈው። አሁን አነበበችው። ሸማኔ።

*

ሐሙስ ጠዋት ጭጋጉ ገና ከእንሰቱ ላይ ሳይነሣ ዶርዜ ደረሰች። ጎንበስ ብላ በዝቅተኛው በር ገባች። ሽማግሌው ሸማኔ ከመሸመኛው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እግሮቻቸው ግን ከመርገጫው ጉድጓድ ውጪ ናቸው። ሸማው በግማሽ ቀርቷል።

«ሳሮ፣ ሰላም ልጄ። ግባ» አሉ። የሽማግሌው አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ስመኝ እንዲህ ያለውን ለምዳዋለች። «ጠብቄህ ነበር።»

«እኔን?»

«የሚመጣውን።»

ከፖስታው ክሩን አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችው። ሚስታቸው አገኘሽ ከጓዳ ወጥተው አነሡት፤ በሁለት ጣታቸው አሽተው ወደ ብርሃን ያዙት።

«የኔ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የፈተልኩት። አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል። በዓይኔ ምክንያት ነው። ማን አጠቆረው?»

ሽማግሌው ከልቃቂቶቹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጧት። ፈታችው። አንድ ክንድ የሚያህል ጥቁር ቀበቶ ነው፤ መሃሉ ላይ ለሁለት ተበጥሶ የጥጥ ክሮቹ እንደ ብሩሽ ቆመዋል።

«ካሱ ማክሰኞ መጣ» አሉ። «ሸሽጎት ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወረደ። ከሄደ በኋላ አውጥቼ አየሁ። የራሴን እጅ አላውቅም?»

«እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«አሮን አመጣው። የፈረንጅ ሻንጣ ማንገቻ ነው፣ ተቆረጠብኝ፣ በልብስ ስፌት መኪና ከሆነ ስፌቱ ይታያል አለ። እኔ ከሁለቱም ጫፍ ስንዝር ስንዝር ፈታሁ። ክር በክር አጠላለፍኩት። ሦስት ቀን ፈጀ።» እጆቻቸውን አዩ። «ምን ያህል ይሸከማል ብዬ ጠየቅሁት። ልብስ ነው አለ። ሰው ቢለኝ እምቢ እል ነበር። ጥጥ ሰው ያሞቃል፤ ሰው አይዝም።»

«ጥቁረቱን እኔ እጨርሰዋለሁ ብሎ ነው የወሰደው» አሉ አገኘሽ። «እዚህ ጋ ቆሞ በጣቱ እየዳሰሰ ሳቀ። አይታይም! አይታይም! ይላል። ቆጮም አብልቼዋለሁ።»

ስመኝ ቁራጩን ጉልበቷ ላይ አኖረች። የበለዘው መስመር፣ ደረቱ፣ ቢላው፣ ሦስቱ ሰዓት፤ ከትናንት ጀምሮ ሲጣሉባት የነበሩት ሁሉ ተራ ይዘው ተቀመጡ። ቀበቶው ሰውየውን ያዘ፤ አበለዘው፤ ከዚያ ተበጠሰ። ካሱ አጠገቡ ሆኖ የተበጠሰውን አየ፤ የእናቱን ክር አወቀ።

«ለምን ደበቀው?» አለች፤ መልሱን ብታውቅም ለመዝገቡ።

«ጎሜ ነው፤ እርም ነው» አሉ ሽማግሌው። «በእጄ ሥራ ሰው ከሞተ፣ ያን እጅ መልሼ ሸማ ላይ አላኖርም። ካሱ ይህን ያውቃል። እንዳልሰማ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ማወቄን እንዳያውቅ ዝም አልኩ። አትንገረው።»

«አባባ፣ ካሱ ታስሯል። በዚህ ቁራጭ ምክንያት ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ሽማግሌው መሸመኛውን ተደግፈው ተነሡ። እግራቸው ሲያነክስ አገኘሽ ከዘራቸውን አቀበሏቸው። ሁለቱም ጋቢያቸውን ደረቡ።

ፒክአፑ ላይ ሲወጡ የሽማግሌው ዓይን የስመኝ ኮት ላይ አረፈ። «ክሩ ነጠላ ነው» አሏት። «እጠፈው።»

*

አሮን ፎቶውን አየ፤ ጨርቋን አየ፤ ከዚያ ቁራጩን አየ።

«ሽማግሌው ነው የሠራው!» አለ። «እኔ ሸማኔ ነኝ እንዴ? የሰጠኝን ነው የገጠምኩት።»

«ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ነው ብለውኝ ነበር።»

«ተሳስቼ ነው።»

«ሻንጣው የት አለ?» አለች ስመኝ።

«የቱ ሻንጣ?»

«የፈረንጁ። ማንገቻው የተሠራለት።»

የአሮን ዓይን በጋራዡ ውስጥ ዞረ። ቀለም የነካው ብሩሽ ከእጁ ሳይወርድ ዳግም ካቴናውን አገባበት።

*

ካሱ ከማረፊያ ክፍሉ ሲወጣ በመጀመሪያ ያየው አባቱን ነው። ደርቆ ቆመ።

«አባባ። ማን ነገረህ?»

«እጄ» አሉ ሽማግሌው።

ቀጥሎ የሆነውን ስመኝ አላየችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ዞር ስትል አገኘሽ የሁለቱንም ራስ ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር።

ሽማግሌው የጣቢያውን የውሃ ቧንቧ ዙሪያ ፈልገው እርጥብ ሣር ነጩ፤ በጋሞ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው ሣር ይዞ ነው የሚንበረከከው። ቤታቸው አልሄዱም። «ወደ ለቅሶው ውሰደኝ» አሏት።

ስመኝ መጀመሪያ ብቻዋን ገብታ ለዕድላዊት ሁሉንም ነገረቻት፤ አሮንን፣ ስፖንጁን፣ ክሩን፣ ካሱን። ምንም አላስቀረችም። ዕድላዊት አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠቻትም። ስመኝ ወጥታ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች፤ ሽማግሌው ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ካሱን አስከትለው ገቡ።

ከኮሌታዋ ሥር መርፌውን ነቀለች። ከትናንት የቀረውን ክር በጠሰችው፤ አዲስ መዘዘችና እጥፍ አድርጋ አሾለከችው። በድንኳኑ መግቢያ በኩል ይታያታል፤ ሽማግሌው በጉልበታቸው ወርደዋል፤ ካሱ ግንባሩን መሬት አስነክቷል። ዕድላዊት ከፊታቸው ቆማለች።

አንድ ጊዜ አሳለፈችው። ሁለት ጊዜ። ዕድላዊት አልተንቀሳቀሰችም። ሦስት። አራት።

ዕድላዊት ጎንበስ ብላ ሣሩን ከሽማግሌው እጅ ወሰደች። ከዚያ ሁለቱንም እጆቻቸውን፣ ባዶዎቹን፣ ይዛ አስነሣቻቸው። ካሱን አላየችውም፤ ግን በእግሯ ፍራሹን ገፋ አድርጋ የሚቀመጥበት ቦታ ለቀቀችለት።

ስመኝ ክሩን ከቁልፉ ሥር ሦስት ጊዜ አዙራ ቋጠረችው፤ በጥርሷ ቆረጠችው። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጎተተችው። ያዘ። መርፌውን ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከታ የመኪናው ኪስ ውስጥ አስቀመጠችው።